የውሰት ልጆች

ልጄ ማርታ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ክሊንተንቪል ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። ባለቤቴ ሪከንባከር ያለው የዕቃ መጋዘን ሺፍት ገብቶ ስለነበር ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ውጭው ዝናብ ይሁን በረዶ ያልለየለት፣ የመጋቢት ወር ሰማይ ነው። እኔ ምስር ጥጄ አማስላለሁ። ማርታ አዲስ ሥራ አግኝታለች። ቢሮው በየካምፑ ያሉ ተፈናቃዮችን የዓይናቸውን ብሌን እያነበበ የሚመዘግብ ማሽን ይሠራል፤ እርዳታው ለትክክለኛው ሰው እንዲደርስ ነው አለችኝ። ስክሪኑን ወደኔ አዙራ ፎቶ አሳየችኝ። የትኛው አገር እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዎች ጠራራ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፣ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብላለች።

«ማሚ፣ ፕሪቲ ኩል፣ ራይት? ከእንግዲህ ማንም ቺት ማድረግ አይችልም።»

ሆዴ ተገለባበጠ። ሴትዮዋን አይቼ አይደለም። ከጎኗ ቆሞ በልጁ ራስ ላይ እጁን የጫነ፣ ሸሚዙ የነጣ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነበር። ያንን ሰው አላውቀውም። ፈገግታውን ግን አውቀዋለሁ።

«አር ዩ ኦኬ? አንቺንም እንደዚህ ነው የመዘገቡሽ?» አለችኝ።

«እኔማ መዝጋቢው አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት» አልኳት። ይህን አታውቅም ነበር፤ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከጎረቤቶቼ ጋር ድንበር ተሻግሬ ኬንያ በረሃ ውስጥ ያለ ካምፕ ገባሁ። መሬቱ ዝርግ ነው። ነፋሱ ጠዋት ይነሳና አመሻሽ ድረስ አይተኛም፤ ስታወሪም ስትበይም አሸዋው ጥርስሽ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። የሚሰጠን ነቀዝ የገባበት የበቆሎ ዱቄት፣ ምንም ያህል እንጨት ቢነድበት የማይበስል ባቄላ እና ዘይት ነበር። ያንኑም ጉልበት ያለው ነበር የሚወስደው። የዱቄቱ መኪና ሲመጣ ወጣቶቹ ይጋፋሉ፣ አሮጊቶቹ ይወድቃሉ፣ የመጨረሻው ሰው ባዶ ከረጢት አጣጥፎ ይመለሳል። ስለዚህ «ሁሉም ሰው ተቆጥሮ ካርድ ይሰጠዋል» ሲባል እልል ነው ያልነው። መቆጠርን የምጠላ ሰው አድርጋችሁ እንዳትወስዱኝ።

እንግሊዝኛ ስለምችል አስተርጓሚ አደረጉኝ። የሰፈራችን ሊቀመንበር ደግሞ ጋሼ ደምሴ የሚባል ሰው ነበር። በዚያ አቧራ ሸሚዙን እንዴት ነጭ አድርጎ እንደሚያቆየው ለሁላችን ግራ ነው። ፀጉሩን ቅባት ይቀባል፣ ሁሉን ሰው «ልጄ» ነው የሚለው። ከእርዳታ ሰጪዎቹ ፈረንጆች ጋር የሚከራከርልን እሱ ስለሆነ ሲያልፍ ከመቀመጫችን እንነሳለት ነበር።

የቆጠራው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ዱላ የያዙ ፖሊሶች ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ አስወጡን፤ በእሾህ ወደታጠረ ሜዳም ነዱን። መንዳት ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። በአንዲት ጠባብ በር አንድ በአንድ እያለፍን ጣታችንን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነከርን፣ እጃችን ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ቀጭ ተደርጎ ተቆለፈብን። እኔ የተመደብኩበት ጠረጴዛ ኃላፊ ረጅም ፈረንጅ ነበር። የጎማ ጓንት አድርጓል። እያንዳንዱን እጅ በነካ ቁጥር ጓንቱን በአልኮል ይጠርጋል፤ ሽታው ከፀሐዩ ጋር ተደባልቆ አናቴን ያዞረኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን እጃቸውን የሚሰጡት ጎንበስ ብለው፣ ቀኙን በግራ ደግፈው ነው። ያ ጎንበስ ማለታቸውና ያ መጥረጊያ ጨርቅ አንድ ላይ ሲታዩኝ ዛሬም ይቀፈኛል።

የድንኳን ጎረቤቴ ትርንጎ ትባላለች። የወሎ ሴት ናት፤ ሳቋ ሦስት ድንኳን አልፎ ይሰማል። ባሏ መንገድ ላይ ቀርቶባታል። ብርቄ የምትባል ጥርሷን የነቀለች ልጅና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ አላት። ለቆጠራው ዋዜማ ወባ ጣላት። ጋሼ ደምሴ መጣና ከራስጌዋ ቆመ።

«ትርንጎ፣ አንቺ ተኚ ልጄ። ልጆቹን እኔ አስቆጥርልሻለሁ። ከቆጠራ ከቀሩ ዱቄት የላቸውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ» አለችው። እኔም በሆዴ መረቅሁት።

በማግስቱ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ትርንጎ አላስችል ብሏት በሰው ተደግፋ መጣች፤ ከጠረጴዛችንም ደረሰች። «ሦስት ነን። ልጆቼ ከሊቀመንበሩ ጋር ቀድመው ገብተዋል» አለች። ተረጎምኩ። ልጆቹ ሲፈለጉ በሌላ ጠረጴዛ አልፈው ማሰሪያቸውን አስረው ተገኙ፤ የተመዘገቡት የደምሴ ልጆች ተብለው ነው። እሱ ራሱ ፈገግ ብሎ መጣ።

«የሟች እህቴ ልጆች ናቸው፣ እኔ ነኝ የማሳድጋቸው» አለ። «እሷን ወባ እያስቀባዠራት ነው፣ አይፍረዱባት።»

ብርቄ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። «አባዬ ካላልሽኝ እናትሽን ያስሯታል» ብሏት እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ለፈረንጁ ውሸት መሆኑን በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ «አንቺ አስተርጉሚ እንጂ አትመስክሪ» አለኝ። ትርንጎ የአንድ ሰው ካርድ ተሰጣት። ጡት የሚጠባውን ልጅ ደምሴ ከሜዳው ሲወጡ መልሶ አስታቀፋት፤ ካርዱ እሱ ጋ ከገባ ልቅሶው ምን ይሠራለታል? ብርቄን ግን «ተቆጣጣሪዎቹ እስኪሄዱ» ብሎ ወሰዳት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አስተርጓሚዎቹን ምሳ ጠራን። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ብርቄን ላያት ስል ሄድኩ። የፍየል ጥብስ ነበር፣ ዘይት የሚዋኝበት ማካሮኒ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የዱቄት ከረጢት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ከኛ ሌላ ከከተማ የመጡ ነጋዴዎችም አብረውን ተቀምጠዋል። እጅ የምታስታጥበን ብርቄ ነበረች፤ ማንቆርቆሪያው ከብዷት በሁለት እጇ ታቅፋዋለች።

«ብርቄዬ፣ እናትሽ ጋ አትሄጂም?» አልኳት።

መጀመሪያ እሱን አየችው። ከዚያ «አባዬ ሲለኝ ነው» አለች።

ጎርሼ ነበር። ያ ሥጋ አፌ ውስጥ እንዴት እንዳበጠ ልነግራችሁ አልችልም። ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ሁሉንም አስመለስኩት፤ እሱም ከውስጥ «ምነው ልጄ፣ ዘይት አልለመድሽም?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

ከዚያው ወደ ፈረንጁ ቢሮ ሄድኩ። እንደ ብርቄ ከእናቶቻቸው ተወስደው በደምሴ ስም የተመዘገቡ ልጆች ብዙ እንደሆኑ፣ በእነሱ ድርሻ የሚያገኘውን ዱቄት እየሸጠ እንደሆነ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«እኔ የማውቀው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። እርስ በርስ የምትሰራረቁትን ልዳኝ አልመጣሁም። በሚቀጥለው ቆጠራ ይስተካከላል» አለ።

ደምሴ በባዶ እጁ፣ ፈረንጁ በጓንት። የትኛው እንደባሰኝ እስከዛሬ አልወሰንኩም።

ነገሩን የፈታችው ትርንጎ ናት። ካርድ ያለው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ በአካል እንዲቀርብ ታዘዘ፤ ማጣሪያ ነው ተባለ። እሷ ከወባው ተነስታለች፣ ግን ቀሚሷ ላይዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። በጠራራ ፀሐይ ደምሴ ደጅ ሄዳ ብርቄን እጇን ይዛ ወጣች። እሱም «ውሰጃት፣ ሲጠሩን ትመልሻታለሽ» አላት፤ ይህን ያህል ነበር ልቡ የሞላው። እሷ ግን ልጆቻቸውን እየለመነና እያስፈራራ ወደወሰደባቸው እናቶች ሄደች። አብሬያት ዞርኩ፤ ስማቸው ሲጠራ ልጆቻችሁን አትስጡት ትላቸዋለች። አንዷ ፈራች።

«እሱ ጋ ካልቀረበ ልጄ ከነጭራሹ ከመዝገብ ቢጠፋስ?»

«አሁንስ መቼ አለ?» አለቻት ትርንጎ። «ያለው ስሙ ነው። ዱቄቱን የሚበላው ሌላ።»

በማጣሪያው ቀን ደምሴና ሚስቱ ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ፈረንጁ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ከነፋሱ በቀር ድምፅ የለም። ደምሴ ዞር ብሎ «ኧረ ልጆቼን አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። እናቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። አንዷም አልተንቀሳቀሰች። ፈረንጁ «ልጆችህ የት አሉ?» አለ። እንዲህ ደስ እያለኝ የተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር የለም። ነጩ ሸሚዝ ብብቱ ሥር ሲረጥብ አየሁ። ካርዱ እዚያው ተቀደደ።

ደስታው ግን አጭር ነበር። ልጆቹም አብረው ተሰረዙ። «እናቶቹ ሳምንት ይምጡ» ተባለ፤ ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። ዝናቡ ጣለ፣ ሜዳው ሐይቅ ሆነ፣ ትንኙ እንደ ጭስ ተነሳ። ያለንን ዱቄት ለሁሉም እያቃመስን ቆየን፤ ትርንጎ ጡቷ ደረቀ። ወንዱ ልጅ በዚያ ዝናብ ሞተ። የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ እያፈለቀ አስቸገረንና በጀሪካን እየቀዳን ቀበርነው።

የተስተካከለው ካርድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሰው ይላል።

«ሁለት ነን በይው» አለችኝ ትርንጎ።

ፈረንጁ ገባውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካርዱ ወጥቷል፣ ይሁንላት፣ ትያዘው» አለ። ደግ መሆኑ ነበር መሰለኝ።

«በሞተ ልጄ ስም የመጣ ዱቄት ከጉሮሮዬ አይወርድም። አስተካክል በይው።»

ተረጎምኩ። ፈረንጁም እስክሪብቶውን አንስቶ ሦስቱን ሰረዘና ሁለት ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እሷና ብርቄ ድርሻቸውን ሳይጋፉ ወሰዱ። አገር ሲረጋጋ ወደ ወሎ ተመለሱ ሲባል ሰምቻለሁ። ደምሴ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ የሌላ ሰፈር ሊቀመንበር ሆነ፤ ከፈረንጆች ጋር መነጋገር ይችላል ተብሎ።

ማርታ ላፕቶፑን ዘግታ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ «ሶ ማሚ፣ ማሽኑ ያኔ ቢኖር ደምሴ ይያዝ ነበር?» አለችኝ።

አሰብኩበት። ማሽኑ የብርቄን ዓይን አሳምሮ ይይዝ ነበር፤ በደምሴ ስም። ልጅቷ ማንን እየፈራች እንደቆመች የሚያይ ሰው ነው ያኔ የጠፋው። ይህንኑ ነገርኳት። ከሰልፉ በፊት በየድንኳኑ የተኙትን በሽተኞች ሄዳችሁ መዝግቡ፣ ልጅን ያለ እናቱ ያመጣ ሊቀመንበር ካለ እናቱን ራሳችሁ ፈልጉ፣ የተሳሳተን ለማረም ሌላ ቆጠራ አትጠብቁ አልኳት። አንዳንዴ ሳስበው፣ ያኔ ሁላችንም ተቆጠርን እንጂ የታየ አልነበረም።

«ታዲያ ሥራውን ልተወው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«አትተዪው፤ ቆጠራው ባይኖር ደግሞ የምንበላውም አልነበረም» አልኳት። «ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለውን እያየሽ ሆድሽ መገላበጡን ያቆመ ቀን፣ ያን ቀን ከወንበሩ ተነሺ።»