ለገብረኪዳን የመጣው ሥራ

ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ለገብረኪዳን ሁለት ሥራ ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ ጠዋት ዜና መስማትና ከሰዓት በኋላ የሰማውን ዜና መቃወም። ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል እየተመላለሰ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረን ሰው ገና ፉርጎው በር ላይ እንደቆመ በአተነፋፈሱ ያውቀዋል ይባልለት ነበር፤ ይህን የሚለው እርግጥ እሱ ራሱ ነው። ያኔ ሲሄድም ሲመጣም ያፏጫል። ሰፈራቸው በሆነችው በጅቡቲዋ ካርቲየ ሰባት ውስጥ ገብረኪዳን ከሥራ መግባቱን ለማወቅ መስኮት መክፈት አያስፈልግም ነበር። ባቡሩ ሲቆም የደንብ ኮቱ ቁም ሳጥን ገባ፤ ፉጨቱ ደግሞ የት እንደገባ አልታወቀም። ሚስቱ ወለተማርያም በራፏ ላይ ባለችው ሱቅ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች ቤቱን ታኖራለች። እሱም አንዳንዴ «ልርዳሽ» ብሎ ይገባና ደንበኞቿን እያሰለፈ ያባርርባታል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሰብለወርቅ። ጅቡቲ ተወልዳ ጅቡቲ ያደገች ናት፤ አማርኛውን ከቤት፣ ሱማሌኛውን ከሰፈር፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት አገኘች። ዲፕሎማ አላት፤ ሥራ የላትም። «እስከ ፋሲካ ካላገኘሁ ዱባይ ሄጄ ሰው ቤት እገባለሁ» ብላ ቆርጣለች። የዱባዩን መንገድ የምታቃናው ዙፋን የምትባል የሰፈሩ ደላላ ናት። ገብረኪዳን የዙፋንን ስም ሲሰማ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። በእሷ በኩል የሄዱትን ልጆች ያውቃል፤ ለሁለት ዓመት ብለው ሄደው ዛሬም ከእነሱ የሚመጣው ድምፃቸው ብቻ ነው። ያለችው አንድ ልጅ ናት፤ እሷን ሸኝቶ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ አይፈልግም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው። አዲስ ወደብ ይሠራል፣ አዲስ ሐዲድ ይዘረጋል እየተባለ ከተማው ውስጥ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። አንዱ ኤጀንሲ ጀርባው ነጭ የሆነ ፎቶ አምጪ ይላል፤ ሌላው ነጩን አይቶ ሰማያዊ ነው የምንቀበለው ይላል። «ልምድ አለሽ?» ይሏታል። የለኝም ስትል «እኛ የምንፈልገው ልምድ ያለው ነው»። ልምድ ከየት ይመጣል ስትል «ሥራ ስትገቢ»። መጨረሻ ላይ ታዲያ ሁሉም የሚሏት አንድ ነው፤ «እንደውልልሻለን»። የኤጀንሲ «እንደውልልሻለን» ደጅ ለቆመ ለማኝ እንደሚባለው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ ቃሉ መልካም፣ እጁ ባዶ።

ከሁሉም ይሻላል የተባለው ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ያለው የአንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ቢሮ ነበር። ማዳሟ ከአገሯ ይዛ የመጣችው ኮምፒውተር ግን የሰውን ልጅ በቤተሰብ ስሙ ካልሆነ አላውቅም የሚል ነው። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ሐበሻውም ሱማሌውም አፋሩም የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ አለቀ። ማዳሟ በዚህ አልተበገረችም፤ ሰዉን ሁሉ በአባቱ ስም መዝግባ በአባቱ ስም ትጠራው ጀመር። ልጅ ይመዘገባል፣ አባት ይጠራል። አንድ የክሬን ሾፌር ለሥራ ሲፈለግ ከሞቱ ዘመን የሆናቸው አባቱ በስልክ ተጠሩ፤ እናትየው «ምነው፣ እዚያም ሥራ አስጀመራችኋቸው እንዴ?» አሉ ተብሎ ከተማው ሰነበተበት።

ሰብለወርቅ እዚያ የተመዘገበች ዕለት ገብረኪዳን «ልሸኝሽ» ብሎ አብሯት ሄደ። መሸኘቱ ሰበብ ነው፤ ጢሙን ቀለም ተቀብቶ ነበር ያደረው። ልጁ ጨርሳ ወደ ሌላ ኤጀንሲ ስትሮጥ እሱ የተነሣችበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ጸሐፊዋ መሪማ ድሬዳዋ ያደገች የአፋር ልጅ ስለሆነች አማርኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ለሥራ የደረሰ ነው።»

መሪማ ጢሙን አየት አድርጋ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ የአባቱን ስም ጠየቀችና «ወልደሰንበት» ብላ ጻፈችው።

«እሳቸው እኮ ሞተዋል!» አለ ገብረኪዳን።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ኮምፒውተሩ አይሰማ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል የሰማ ሰው ነው፤ ኮምፒውተርም ከነሱ ወገን መሆኑን ያን ቀን አወቀ። ሲሟገት ቆይቶ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ግን መሟገቱን እንጂ የተሟገተበትን ነገር ረስቶታል። አባትና ልጅ የሰጡት ስልክ ደግሞ አንድ ነው፤ የሰብለወርቅ ሞባይል ሚኒባስ ውስጥ ስለጠፋ ሁለቱም የቤቱን ቁጥር ነበር ያስመዘገቡት።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሰብለወርቅ የለችም። የደወለችው ማዳሟ ራሷ ነበረች፤ በፈረንሳይኛ ተጣድፋ «ገብረኪዳን?» አለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ገብረኪዳን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ «እኔው ነኝ!» አለ። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ አጠገብ ካለ የትራንዚት ድርጅት እንዲቀርብ ተነገረው። ስልኩን ዘግቶ ሚስቱን ጠራና «አስታወሱኝ» አላት።

የድርጅቱ አለቃ ዓብዱረዛቅ ይባላል። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው በስድስት ሰዓት ተኩል መቀጠር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ትንሽ ቆይቶ ጫት ይደርሳል፤ ጫት ከደረሰ ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። ዓብዱረዛቅም ዐይኑ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ኤጀንሲው የላከለት ፖስታ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አማርኛ?»

«የእናቴ።»

«ፈረንሳይኛ?»

«የአለቆቼ።»

«ሱማሌኛ?»

ገብረኪዳን በሱማሌኛ አንድ የባቡር ታሪክ ጀመረ። ታሪኩ ገና ከጅቡቲ ጣቢያ ሳይነቃነቅ ዓብዱረዛቅ የመኪና ቁልፉን አንሥቶ ቆመ። «ሙሴ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ግባ!» አለው፤ በፈረንሳዮቹ አጠራር «አቶ» ማለቱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን ማፍሰሱንም ሳያውቅ ነው ወጥቶ የሄደው።

ሥራው ለገብረኪዳን የተፈጠረ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ኮንቴነር ለመጫን ተራ ይጠብቃሉ፤ ሰነዳቸው የት እንደደረሰ፣ ተራቸው መቼ እንደሆነ በመስኮት የሚነግራቸው ሰው ነው የተፈለገው። ገብረኪዳን የደንብ ኮቱን ከቁም ሳጥን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከወደቡ አጥር እስከ አስፋልቱ የሚጠራው የእሱ ስም ሆነ። አንዱን ይቆጣል፣ አንዱን ያስቃል፣ ተራ ሊዘል ያሰበውን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ያውቅበታል። ጫላቸው የሚባል የጎጃም ሾፌርማ፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ ሰው፣ የራሱን የቤት ጉዳይ ሳይቀር ያማክረው ጀመር።

ፉጨቱም ተመለሰ። ወለተማርያም መጀመሪያ የሰማች ቀን ስኳር መመዘኗን ትታ ጆሮዋን ቀሰረች፤ እንባዋም መጣ። ደንበኛዋ «ምን ሆንሽ?» ብትላት «ባሌ ከመንገድ ገባ» አለቻት።

ሰብለወርቅም በአባቷ ደስታ ተደስታ ነበር። አንድ ቀን ግን ከሄሮን ስትመለስ ከፊቱ ቆማ ረዘም አድርጋ አየችውና ግንባሩን ሳመችው።

«ምን አሉሽ?» አላት።

«ቦታው ተይዟል አሉኝ።»

በማግሥቱ ፓስፖርቷን ለዙፋን ሰጠች። ገብረኪዳን ምሳ ላይ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ትንሽ ታገሺ እንጂ! እኔ አሁን የሥራ ሰው ነኝ፤ ለአለቃዬ እነግርልሻለሁ» አላት። ሰብለወርቅ ፈገግ ብላ ከሷ በኩል ያለውን ሥጋ ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

በዚያው ሳምንት መሪማ የሥራ ውሉን ለማስፈረም ከኤጀንሲው መጣች። ገብረኪዳንን መስኮቱ ላይ ስታየው ደስ አላት።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ሊጠይቁ መጡ?»

«ልጄ ቤት ናት። ምነው?»

«እንዴት ቤት ትሆናለች? ሥራ ላይ አይደለችም እንዴ?»

ዓብዱረዛቅ ያን ጊዜ ነው ፖስታውን የቀደደው። ፎቶውን አወጣ፤ ፎቶውን አየ፣ ገብረኪዳንን አየ፣ ጢሙን አየ።

«ሙሴ» አለ በመጨረሻ፣ «ይቺ አንተን አትመስልም።»

መሪማ ነገሩ ሲገባት አፏን ያዘች። «ባለፈው መጥታ ስትጠይቀኝ ኮምፒውተሩን አይቼ “በአባትሽ ስም፣ ገብረኪዳን ተብለሽ፣ እዚህ ድርጅት ሥራ ተይዞልሻል” ብያት ነበር እኮ! “እሺ፣ ጥሩ ነው” ብላኝ ሄደች። ስሕተት ነው እንኳ አላለችም።»

ገብረኪዳን ወንበሩን ያዝ አድርጎ ተቀመጠ። ልጁ ያን ቀን ለምን ግንባሩን እንደሳመችው አሁን ገባው። አፈረ። እሱ ኮቱን ለብሶ ሲንጎራደድ የከረመው በልጁ ወንበር ላይ ነው፤ እሷም አይታ ዝም አለች።

ዓብዱረዛቅ ለነገሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሰዓቱንም አየት አድርጓል። «ለኔ ልዩነት የለውም» አለ። «ሾፌሮቹ ለምደውሃል። መሪማ ወረቀቱን በስምህ ታስተካክለው፤ ፈርምና ይለቅ።» እስክሪብቶም ሰጠው።

ገብረኪዳን እስክሪብቶውን ተቀበለ። አልዋሽም ብሎ ቢናገር ኖሮ፣ እጁ ሊፈርም ፈልጎ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ሾፌሮቹ ይጠሩታል፤ እንዲህ ተጠርቶ ያውቃል እንዴ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ? እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ነገ እመለሳለሁ» አለ።

ቤት ሲገባ አላፏጨም። ሰብለወርቅ ለመንገድ የምትይዘውን ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ወዲያው ገባት። ያጠፈችውን ቀሚስ እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች።

«አባዬ፣ እኔ ወጣት ነኝ፤ ሌላ አገኛለሁ። አንተ ግን እያፏጨህ መግባት ጀመርክ። እንዴት ብዬ ልቀማህ?»

«ዱባይ ሄደሽ ለማን ላፏጭ ነው?» አለ ገብረኪዳን። ድምፁ ተሰበረበት። ድምፁ ሲሰበር ልጁ ሰምታው አታውቅም፤ እሷም አለቀሰች።

ወለተማርያም ከሱቋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የሳሙና ካርቶን በእጇ እንደያዘች ገባች። «እናንተ እየተዛዘናችሁ ቤቱን ባዶ ልታስቀሩብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። «አንዷ ቦታውን ለአባቴ ትላለች፣ አንዱ ለልጄ ይላል፤ ለእኔ ማን አለ?» ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ዙፋን ቤት ሄደች። ምን እንደተባባሉ ዙፋን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገረችም፤ ፓስፖርቱ ግን ምሳ ሳይቀርብ ተመልሶ መጣ።

በማግሥቱ ገብረኪዳን ልጁን ይዞ ወደብ ሄደ። ዓብዱረዛቅ ፎቶውን አየ፣ ሰብለወርቅን አየ፤ «ይቺስ ትመስላለች» አለ። ገብረኪዳን ውሉ ላይ ስትፈርም ቆሞ አየ። ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገላትና የትኛው ሾፌር ተራ እንደሚዘል በጆሮዋ ነግሯት ወጣ። ደስ ብሎታል። ደግሞ የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ወደ ቤት መሄድ ሲገባው እግሩ እምቢ አለው። አጥሩን ተደግፎ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ አደረገ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀምሯል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አንድ ተሳቢ አቧራውን አንሥቶ መጥቶ ቆመ፤ ጫላቸው ነው። ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ፣ መስኮቱ ላይ ማን እንዳለ ሳያይ፣ እንደልማዱ በዚያ በጥሩምባ ድምፁ ተጣራ።

«ገብረኪዳን!»

ገብረኪዳን አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ላይ የደረሰውን መልስ ግን እንደምንም ዋጠው፤ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ መስኮቱን አየ።

ከመስኮቱ ውስጥ ሰብለወርቅ ብቅ አለች።

«አቤት!» አለች።