ታስሮ የተሸጠው ሽሪምፕ

ኒቢያ በሕይወቷ አንድም ቀን መንጠቆ ባሕር ውስጥ ጥላ አታውቅም። ጀልባ ላይ ከወጣች ያስመልሳታል። እንደዚያም ሆኖ በፒሪያፖሊስ ከተማ ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ ምን ሰክቶ እንደሚጥል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው እሷን ነው። ወደ ባሕሩ ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ ከሚቆመው የእንጨት ድልድይ መግቢያ አጠገብ፣ አንድ መስኮትና አንድ ማቀዝቀዣ ያላት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ "ምን ልስጥህ?" አትልም። "የት ልትቆም ነው? ትናንት ማታ ነፋሱ ከየት ነበር? ዓሣውን ማን ሊበላው ነው?" ብላ ታፋጥጠዋለች።

የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳውን ሁሉ ያስቀዋል፤ እሷ ግን የምሯን ነው። ለልጆች ከሆነ ሥጋው ለስለስ የሚለው ትንሽ ዓሣ፣ ፔሄሬይ፣ ይሻላል፤ ለሱ ቀጭን መንጠቆና የጣት ጫፍ የምታህል የሳርዲን ቁራጭ ትሰጣለች። ለእሑድ ምሳ ዘመድ የሚጠራ ሰው ትልቁን ዓሣ ኮርቪናን ነው የሚፈልገው፤ ወፈር ያለ መንጠቆና ሽሪምፕ ይዞ ይሄዳል። "ኧረ ለፎቶ ነው" ያላትን ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሚያብለጨልጩ የብረት ዓሦች ታስመርጠዋለች። ሰውየው ዞር ሲል "እነዚህ ዓሣ አይይዙም፣ ቱሪስት ነው የሚይዙት" ብላ ትስቃለች።

የቤቱ አጥማጅ ባሏ ሩቤንስ ነበር። ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ ድልድዩን ቢሮው አደረገው። ጧት ዘንጉንና የማቴ ሻዩን ፔርሙዝ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል፣ ለምሳ ይመለሳል፤ ዝናብም ሆነ ሐሩር ግድ የለውም። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ አፉም ተመለሰ፤ አፉማ እንዲያውም ብሶበት ነው የተመለሰው! የግራ እጁ ጣቶች ግን እምቢ አሉ። ክንዱ ይነሳል፣ ጣቶቹ አይጨብጡም።

ሽሪምፕ ደግሞ ለስላሳ ነገር ነው፤ ዝም ብለው ሰክተው ቢወረውሩት አየር ላይ ይበተናል። ስለዚህ እንደ ፀጉር በቀጠነ የላስቲክ ክር መንጠቆው ላይ ጥምጥም ተደርጎ ይታሰራል። ይህ የሁለት እጅ ሥራ ነው። ድልድዩ ላይ ደግሞ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ፤ ሰው የራሱን ማባበያ በራሱ እጅ ያስራል። የሌላውን መንጠቆ መንካት በሰው ማንኪያ ሾርባ እንደ መጠጣት ይቆጠራል። አስተሳሰሩን አይተው ብቻ ይሄ የእገሌ ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ሩቤንስ አንድ ጧት ወጥቶ ሞከረ። ክሩን በጥርሱ ይዞ፣ ሽሪምፑን በጉልበቱ ደግፎ ታገለ። ሦስት ሽሪምፕ ጨፍልቆ አራተኛውን ባሕር ውስጥ ወረወረውና ዘንጉን አንስቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ መስኮት ሥር ካለው ወንበር አልተነሳም። ጢሙን መላጨት ተወ። የሚጠይቁትን ሰዎች "ተኝቷል በያቸው" ይላል። ኒቢያ ከበሽታው ይልቅ ያ ወንበር እንደሚገድለው ታውቃለች።

እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሥጋ ቆርጣ አመጣችለት።

"ይሄ እኮ ጠንካራ ነው፤ በአንድ እጅ ሰክተህ ብትወረውረው ንቅንቅ አይልም። ማሰር የለ፣ ምን የለ።"

"በዚህ ወር ኮርቪና ሽሪምፕ ነው የሚበላው" አለ ፊቱን ሳያዞር። "ለእጄ ስለተመቸኝ ብቻ ዓሣው የማይፈልገውን ልጥልለት? አላደርገውም።"

በሳምንቱ ከግድግዳው ላይ ካሉት የብረት ዓሦች አንዱን አመጣች።

"ኒቢያ፣ አንቺ ደግሞ አበዛሽው! ኮርቪና ከሥር አሸዋ እያሸተተ የሚሄድ ዓሣ ነው። በአፍንጫው የሚኖረውን ፍጡር መስታወት ላሳየው? ቱሪስት መሰልኩሽ እንዴ?"

እውነቱን ነው። ይህን ለሌላ ሰው የምትናገረው እሷ ራሷ ነበረች። ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ማሰብ ጀመረች።

ሐሳቡ የመጣላት ሽሪምፕ ስታጥብ ነው። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ በአጭር የናይለን ክር አንድ ጫፍ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ሽሪምፕ አሰረች፤ በሌላኛው ጫፍ ቀለበት ሠራችለት። ቀለበቱን የዘንጉ ክር ጫፍ ላይ ባለው ማያያዣ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ አንድ እጅ ይበቃዋል። እንዲህ አድርጋ ሃያ ሠርታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደረች። ግን ለሩቤንስ ብቻ ብትሰጠው እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ ብሎ እንደሚወረውረው ታውቃለች። ስለዚህ መስኮቱ ላይ "ታስሮ ያለቀ ማባበያ ለሁሉም" ብላ ለጠፈች።

ወይ ጉድ! ድልድዩ ሙሉ ሳቀባት። ታክሲ ነጂው ዊልማር፣ አፈ ልቅ የሆነው፣ መስኮቱ ላይ ተደግፎ "ኒቢያ፣ አኝከሽስ አትሸጪልንም?" አላት።

"ላንተማ ማኘክ አያስፈልግም፣ አንተ ወሬ ነው የምትበላው" አለችው። ግን አንድም ሰው አልገዛም።

በአራተኛው ቀን ሱቋን ዘግታ ታባሬ ጋ ሄደች። ታባሬ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድልድዩ ላይ ቃሉ የሚከበረው የእሱ ነው። አርባ ዓመት የመንጠቆ ሳጥኑን ማንም እንዲከፍት ፈቅዶ አያውቅም፣ ነፍሷን ይማርና ሚስቱም ብትሆን። ኒቢያ ሰው ለመለመን አልተፈጠረችም።

"ታባሬ፣ የምለምንህ ነገር አለኝ። እንዳትስቅ።"

"በይ።"

"ሩቤንስ ማሰር አይችልም። ለብቻው ታስሮ ቢሰጠው ይሞታል እንጂ አይነካውም። ሁላችሁ በታሰረው ብታጠምዱ ግን... ታባሬ፣ ባሌ ወንበር ላይ እያለቀብኝ ነው።"

ታባሬ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ኒቢያ እምቢ ያላት መስሏት ልትሄድ ዞር አለች።

"ለስንት ሰው የሚሆን አስረሻል?" አላት።

"ሃያ ፍሬ አለ።"

"አይበቃም። ለዊልማር እኔ እነግረዋለሁ። አፉን ከከፈተ ባሕር ውስጥ እጨምረዋለሁ።"

ያን ዕለት ምሳ ላይ ኒቢያ ሾርባ እየቀዳች እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው። "ድልድዩ ላይ ሰው ሁሉ ታስሮ የተሸጠ ማባበያ ሆኗል የሚጠቀመው። ታባሬ ራሱ ወስዷል።"

ሩቤንስ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ታባሬ? ውሸትሽን ነው።"

"ሄደህ እይ።"

"ታባሬ የሰው እጅ የነካው ማባበያ? ሞቼም አላምንም!"

በማግሥቱ ጢሙን ተላጨ። ዘንጉን የያዘው ለማጥመድ ሳይሆን ለመደገፊያ ነው ብሎ ምሎ ነው የወጣው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰዎቹ በሙሉ በየባልዲያቸው የኒቢያን ማባበያ ይዘው ጠቅ እያደረጉ ይወረውራሉ። ታባሬም ኮስተር ብሎ ከነሱ ጋር።

"ምን ነካችሁ!" አለ ሩቤንስ። "ያገር ሰነፍ ሁላ! ነገ ደግሞ ኒቢያ ዓሣውን ራሱን ይዛ መንጠቋችሁ ላይ ትስቀልላችሁ!"

"ዘመኑ ነው ወንድሜ" አለ ታባሬ። "ዓይኔም ደክሟል። ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። ተሳደበ። ማቴ ቀዱለት፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተሳደበ። ከዚያ ማንም ሳይጋብዘው ከዊልማር ባልዲ አንዱን አንስቶ በቀኝ እጁ ማያያዣው ላይ ጠቅ አደረገና ወረወረ። ኒቢያ ከመስኮቷ ሆና ስታይ ቢላው ከእጇ ወደቀ።

ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ። ሩቤንስ ዘንጉን ከግራ ክንዱና ከድልድዩ መከታ መሃል ሸጉጦ በቀኙ ያጠነጥን ጀመር። አንዴ አመለጠው፣ ክሩ ሽው ብሎ ተመልሶ ሄደ፤ ደግሞ ያዘው። ዊልማር ሊረዳው ብድግ ሲል ታባሬ በካልቾ አለው። ሁሉም ባሕሩን የሚያዩ መሰሉ። ኮርቪናው ድልድዩ ላይ ወጥቶ ሲንደፋደፍ ሩቤንስ ላብ በላብ ሆኖ፣ "ታዲያስ! ምን አፍጥጣችሁ ታያላችሁ? ዓሣ አይታችሁ አታውቁም?" አላቸው። ታባሬ አፍንጫውን ተናፈጠ።

ኒቢያ አመሻሹ ላይ ሱቋን ዘጋችና ከሩቤንስ ጋር ወደ ቤት ሄዱ። ዓሣውን እሱ ነው የያዘው፤ አላስነካትም። እሷ ደስታዋ እንዳይታወቅባት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ትለፈልፋለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

"ታባሬን አየሁት" አላት።

"ምን ሲያደርግ?"

"አንቺ ባሰርሽው ላይ በራሱ ክር ሲደግምበት። ሳያስበው ነው፤ ጣቱ ለምዶበት። ልብስ ሰፊ አይደል? ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ዊልማርማ የላስቲክ ክሩ ከኪሱ ተተርትሮ ወጥቶ ነበር።"

ኒቢያ የምትገባበት ጠፋት። ከጧት ጀምሮ የፈራችው ነገር መጣ፤ ሁሉም ለሱ ሲሉ እንዳደረጉት አውቋል፤ አሁን ዓሣውን ጥሎት ወደ ወንበሩ ይመለሳል አለች በልቧ። "ሩቤንስ፣ እኔ ነኝ... እነሱን አትቀየማቸው" አለች።

"ነገ ንገሪያቸው" አለ። "ሁሉም እንደ ጥንቱ የራሱን ይሰር። ታባሬ የሰው ማባበያ ሲወረውር ማየት ዓይኔን አሞኛል፤ ሌላም ቀን አላየውም።"

"አንተስ?"

ከታመመ ጀምሮ ከማንም ሰው አንዲት ብርጭቆ ውኃ እንኳ ጠይቆ አያውቅም። መንገዱን አየ፣ ዓሣውን አየ።

"ለኔ አንቺ እሰሪልኝ" አላት። "ግን እንዲህ አታጥብቂው። ሽታው ይታፈናል።"

"እሺ" አለችው፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።