ዋይፋዩ ለምን ተንቀራፈፈ

ሞጣ ቤታችን ያስገባሁት ዋይፋይ አንድ ሰሞን እየተንቀራፈፈ ሥራ አላሠራኝ አለ። መሣሪያውን አጥፍቼ አበራሁት፤ ከቁም ሳጥኑ ጎን አንስቼ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። ለውጥ የለም። ምናልባት ውጭ ያለው ገመድ ተጎድቶ እንደሆነ ልይ ብዬ በጓሮ በኩል ስወጣ በድንጋጤ ክው አልሁ። የሰፈራችን እናቶች፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ አጥራችንን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሁሉም ዓረብ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። አንዷ እያለቀሰች ስልኩን ትስማለች።

ተመልሼ እናቴን፣ "የይለፍ ቃሉን ማን ሰጣቸው?" አልኋት።

"እኔ ነኝ" አለች ሽንኩርቷን እየላጠች። "ልጅ ናፍቋቸው እያየሁ ዝም ልበል?"

ከዚያ ወዲህ ከባዱን የኢንተርኔት ሥራ የምሠራው እናቶቹ ገበያ በሚውሉበት ቀን ነው።