ሆምሊ ያልኳት ሴት

የምሄድ ቀን ማምሻውን፣ ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን በጎረቤት ሞልቶ፣ እኔ በደስታ መቀመጥ አቅቶኝ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። የካ አባዶ እንግሊዝኛ የምታስተምረው እህቴ ሰሚራ እስከ ኤርፖርት ድረስ ቃል ስታስጠናኝ ሄደች።

“ሆምሊ ማለት እንደ ቤት የሚመች ማለት ነው። ቤት ስትከራዪ ጣል አድርጊያት፤ ደስ ይላቸዋል።”

ኤድመንተን፣ ካናዳ ገባሁ። የእንጦጦ የጠዋት ብርድ ጨዋታ መሆኑን ያወቅኩት በረዶ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ግን ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነብኝ ብርዱ ራሱ ያስቀኝ ነበር። የመጣሁት ነርስነት ልማር ነው፤ ያረፍኩበት ሆስቴል የሚያቆየኝ እስከ ዓርብ ብቻ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሊንዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ጡረተኛ ከቤቷ ሥር ያለውን ቤዝመንት እንደምታከራይ ሰምቼ ሄድኩ። ካልሲዬ መራሱን አይታ የራሷን አመጣችልኝ፤ ትኩስ ሾርባም አቀረበችልኝ። ልቤ ሞላ።

“ቤትዎ በጣም ሆምሊ ነው” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያልሰማችኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ “እርስዎም በጣም ሆምሊ ነዎት” ብዬ ጨመርኩ።

ሳህኑን አነሳች። “ሌላም የጠየቀኝ ሰው አለ። እደውልልሻለሁ።”

አውቶቡስ ውስጥ ቃሉን ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ለእንግሊዞቹ ሆምሊ የሚመች ማለት ነው፤ እዚህ ግን ሰውን ሆምሊ ካሉት መልከ ጥፉ ማለታቸው ነው። ለሚመች ቤት የሚሉት ሆሚ ነው። ልዩነታቸው አንዲት “ኤል” ናት። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሊንዳ በሩን ገርበብ አደረገች እንጂ ሰንሰለቱን አልፈታችም።

“ሆሚ ማለቴ ነው” አልኳት እያለከለክኩ። “እኛ የተማርነው የእንግሊዞቹን ነው። እናቴ ቤት የገባሁ ስለመሰለኝ ነው እንጂ መልክዎንስ አላየሁትም።”

“አላየሽውም?”

“ማለቴ፣ አይቼዋለሁ። ቆንጆ ነዎት።”

ትክ ብላ አየችኝና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀች ነው። “ባሌ እንኳ በአርባ ዓመት ውስጥ ቆንጆ ብሎኝ አያውቅም” አለች። “ነገ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።”

ዕቃዬን ካስገባሁ በኋላ በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ፤ እዚያ መሽቶ ነበር። ታሪኩን ስነግራት እየሳቀች፣ አጠገቧ ላሉት ሁሉ ቃል በቃል ታስተላልፋለች።

“አልሐምዱሊላህ፣ ቤት አገኘሽ” አለችኝ።

“ክፍል አገኘሁ፣ እማዬ። ቤቴማ እዚያው ነው።”

ሳቋ ቆመ። ከጀርባዋ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ እስኪያልቅ አዳመጥን።