ጨለቆትን ሳላይ አልዳርም

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ለመታየት ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። እግሬን እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ «እማማ፣ በወጣትነትዎ ተራራ ሲወጡ ነው እንዴ የኖሩት?» አለችኝ። ለጨዋታ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ከልቤ፣ «አዎ፤ ከቤት ልባረርበትም ነበር» ብዬ መለስኩላት። ሳቀች። ደጅ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ቁጭ ብዬ እነግራት ነበር። ቤቴ ከገባሁም በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ መቐለ የተመደበ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያን ጊዜ መቐለ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ የተኮለኮሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ሰኞ ሰኞ ጨው የጫኑ ግመሎች የሚያጨናንቁት ገበያ፣ ከበላይዋ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ፤ በቃ። ዓዲ ሓቂም፣ ዓይናለምም፣ ይኸው ዛሬ ሆስፒታል የቆመበት ዓይደርም የገብስ ማሳ ነበሩ። እኔ ግን ያንንም በቅጡ አላየሁትም። ሦስት ዓመት ስኖር የማውቀው ቤታችንን፣ ቤተ ክርስቲያንንና ከእናቴ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ የምሄድበትን ገበያ ብቻ ነው። መንገድ የወንድ ነበር።

ጎረቤታችን ለተብርሃን ግን ያየችው ብዙ ነው። እናቷ አደይ ምሕረት ሰዋ የሚሉትን ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ለተ ጌሾ ፍለጋ፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ንግሥ ለማክበር እያለች በእግሯ ያልደረሰችበት የለም። በአጥራችን ላይ ተንጠልጥላ በዚያ ትግርኛ በተቀላቀለ አማርኛዋ ታወራልኛለች። «እዋይ! ሮማናት ውሃው ከገደል ሲወርድ ብታዪ! ጨለቆት ሥላሴስ? ግድግዳው ሁሉ ሥዕል፣ ደጁ ሁሉ ዛፍ።» ከዚያ ፊቴን ታይና፣ «ሓፍተይ፣ አንቺኮ መቐለ አልመጣሽም፤ ግቢ ነው የቀየርሽው» ትለኛለች።

በዚያው ዓመት ለአንድ ሻምበል ታጨሁ። ዕድሜው ከአባቴ ብዙም አያንስም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። መስቀል እንዳለፈ የሻምበሉ አክስት እትዬ ደስታ ሊያዩኝ መጡ። አገላብጠው ካዩኝ በኋላ ለእናቴ፣ «መልኳ ደህና ነው። እንግዲህ እስከ ጥር ፀሐይ እንዳይነካት። ከግቢም አትውጣ» አሏት። እናቴ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። እኔ እጃቸውን ላስታጥብ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ «ጨለቆትን ሳላይ አልዳርም» አልኩ።

እትዬ ደስታ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ጨለቆትን ለምን እንደጠራሁ ብትጠይቁኝ፣ ለተ በዋዜማው ያወራችልኝ ስለ ጨለቆት ስለነበረ ነው። ስለ ሌላ ቦታ አውርታ ቢሆን ሌላ እጠራ ነበር። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን የምመልሰው ቃል አልሆነም።

ማታ አባቴ ጠራኝ። አልጮኸም። «ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ» አለኝ። የማያደርገውን ነገር የማይናገር ሰው ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ተደብቄ አልወጣሁም፤ መደበቅ የሌባ ነው። እናቴ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር።

«እየሄድኩ ነው» አልኳት።

«አባትሽ ያለውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

አልያዘችኝም፤ አልመረቀችኝምም። ቁልቁል እግሬን አየችና «ጫማሽን አድርጊ» ብቻ አለችኝ።

ማታውኑ በአጥሩ ላይ ነግሬያት ስለነበር ለተ ሕምባሻ በነጠላዋ ቋጥራ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። በዓዲ ሓቂ በኩል አድርገን ወደ ደቡብ አቀናን። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ በየድንጋይ ካቡ ሥር የመስቀል አበባ ፈክቷል፤ ከክረምቱ የተረፈው ጭቃ ጫማዬን ይጎትተዋል። ከአንድ አጥር ላይ የመጨረሻዋን በለስ ለቀምን። ለተ እሾሁን በሣር ጠርጋ፣ ልጣጩን በጥፍሯ ገልጣ ስታጎርሰኝ ማሩ በአገጬ ወረደ። በሕይወቴ ሙሉ ብዙ በለስ በልቻለሁ። ያን ያህል የጣፈጠኝ የለም፤ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ስለሆነ ይሆናል።

ረፋዱ ላይ በበቅሎ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ወደ ኋላችን እየተመለከተ፣ «አብረዋችሁ ያሉት ወንዶች የት አሉ?» አለን።

«ወደ ኋላ ቀሩ፤ አካሄዳቸው ቀርፋፋ ነው» አለችው ለተ።

ሰውየው ካለፈ በኋላ «የትኞቹ ወንዶች?» ብላት፣ «ገና ያልተወለዱት» አለችኝ። ሳቅ ጥሎን መንገዱ ዳር ቁጭ አልን።

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትወጣ ሜዳው አለቀና ሸለቆው ከእግራችን ሥር ተከፈተ። ከደረቁ አምባ ወርደን ጥላ ውስጥ ገባን። የውሃ ድምፅ፣ የሎሚ ሽታ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉ ጦጣዎች። ቤተ ክርስቲያኑ በዛፎቹ መካከል ክብ ሆኖ ተቀምጧል። በሩ ላይ ደረታቸው የጠበበ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ አንድ ቄስ ተቀበሉን።

«ከመይ ውዒልክን፤ ለመሳለም ነው? ስእለት አለባችሁ?»

ተሳልሜ ስነሳ፣ «ለማየት ነው የመጣሁት አባ» አልኳቸው።

«ለማየት ብቻ?»

«ለማየት።»

«ለማየት ብሎ የሚመጣ ፈረንጅ ነው። የአገሩ ሰው ለስእለት ይመጣል፤ ለቀብር ይመጣል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግቢ እንግዲህ፤ ዓይን ያለው ሁሉ ይይ» ብለው መጋረጃውን ገለጡልን።

የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀይና ቢጫ የለበሱ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ትልልቅ ዓይናቸውን ወደ እኔ አድርገው ቆመዋል። ባለፈረሱ ሰማዕት ዘንዶውን ይወጋል። ከታች በኩል የኃጥአን ሲኦል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንዱ ሰውዬ ቁርጥ እትዬ ደስታን ይመስላል። ለተን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት፤ እሷም አይታዋለች።

ቄሱ ወደ ውጭ ሲያወጡን፣ እዚያው ስለተቀበረች አንዲት ንግሥት ነገሩን። አባቷን ድል ላደረገ ንጉሥ ሳትወድ የተዳረች ናት አሉ። ንጉሡ ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ እሷ ግን ዳዊቷን እየደገመች ከመቀመጫዋ አትነሳም ነበር። ባሏ መቅደላ ላይ ሲሞት የውጭ ጦር ይዟት ሲሄድ፣ በዚህ አገር ስታልፍ ታማ አረፈች። «ሞተችና አለቀ እንጂ፣ ማንም አላስነሳትም» አሉ ቄሱ። ይህን ሲናገሩ እንደ መኩራራት አደረጋቸው።

ሕምባሻውን ከወንዙ ዳር በላን። እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ ሠርጉንም ጥርንም ለጥቂት ጊዜ ረሳሁ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። የቀረውን መንገድ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ሊመሽ ሲል ነው፤ የግቢው በር ክፍት ነበር። አባቴ፣ እትዬ ደስታና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ግቢና እግራቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አለ አባቴ።

እኔ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺን ንግሥት አስቤ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን መቀመጡ ተስማማኝ።

«ተነሺ!» አሉ እትዬ ደስታ።

«አልነሳም።»

«ምን ልታዪ ነው የሄድሽው? ምን አለ እዚያ?»

«ሥዕል አየሁ። ወንዝ አየሁ። ሌላም እሄዳለሁ፤ ሮማናት ቀርቶኛል። ሻምበል እንዲህ ያለች ሚስት ከወደዱ በቅሏቸውን ጭነው ይምጡ፤ አብረን እንሄዳለን። ካልወደዱም ቤት የምትቀመጥላቸው ሌላ አያጡም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እትዬ ደስታ ነጠላቸውን ሰብስበው እየተነሱ፣ «ይህችን ልጅ ማን ነው ያበላሻት?» አሉ። እናቴ ከጓዳ «እኔ ነኝ የወለድኳት» ስትል ተሰማች። ድምፅዋን እንደዚያ ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

እንግዶቹ ሄዱ። አባቴ በሩ አጠገብ ብዙ ቆመ። እንዳትገቢ ያለውን እንደሚፈጽም እርግጠኛ ሆኜ እጠብቅ ነበር። አንዴም ሳያየኝ ወደ መኝታው ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

እጮኝነቱ ፈረሰ። ከተማው አወራ። ጥፋቱን ለተ ላይ ጫኑና የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ለጥቂት ወራት አደይ ምሕረት ቤት ሰዋ መጠጣት ተዉ። አደይ ምሕረት «እንኳን ቀሩ፤ ወንበር ሰባሪ ሁሉ» ብለው ተዉት። አባቴ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ አላናገረኝም። አንድ ጠዋት ወደ ሥራው ሊሄድ ኮቱን እየለበሰ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሥዕሉ እውነት እንደሚሉት ነው?» አለኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ሥራ ረፍዶበት ሰማኝ።

ሮማናትን በሚቀጥለው ክረምት አየሁ። በኋላም ብዙ አገር አይቻለሁ፤ በገዛ ፈቃዴ አግብቻለሁ፤ ወልጃለሁ፤ ቀብሬአለሁ። የተሸነፍኩበትም ጊዜ አለ። ሁሉን አሸንፋ የኖረች ሴት አላውቅም። ከሚቆጨኝ ነገር መካከል ግን አንድም የሄድኩበት መንገድ የለም።

ዛሬ በሰፈራችን የዕድሜ ባለጸጋ እኔ ስለሆንኩ፣ እናቶች አልታዘዝ ያሉ ሴት ልጆቻቸውን «ይምከሩልን፣ ይገሥጹልን» እያሉ ያመጡልኛል። እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም። እናትየዋን ገበያ እልካታለሁ። ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ነይ እስቲ ንገሪኝ፤ የት መሄድ ነው የምትፈልጊው?» እላታለሁ።