ጤነኛ ነህ ያልኩት ቀን

ወንድሜ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ በባዮሎጂ ከክፍሉ አንደኛ። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ የሚሠራበት ቦታ ጎራ እል ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ ሳይኖር፣ "ና እስቲ፣ ዶክተር" አለኝ። ሲቀልድብኝ ነበር እንዲህ የሚለኝ። የያዘውን የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

"የሰው ቆለጥ ሁለቱም እኩል ነው እንዴ?"

ሳቅ አመለጠኝ።

"አትሳቅ አንተ። አንዱ አድጎብኛል።"

"የትኛው?"

"የግራው። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አያመኝም ግን።"

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ታላቅ ለታናሹ ጭራሽ አይናገርም። እሱ ሰባት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያስተማረኝም እሱ ነው። ስለዚህ ሲጠይቀኝ አፈርኩ። ኮራሁም። የኮራሁት ይበልጣል።

የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። የዘር ፍሬዎች ከሆድ ውጭ የተንጠለጠሉት ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚፈልጉ ነው አልኩት። ሲበርድ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሲሞቅ ይወርዳሉ። እኩል አይደሉም፤ በብዙ ወንዶች የግራው ዝቅ ይላል። ተፈጥሮ ነው። ይህን ተምሬዋለሁ። ስለሚጠጥር ግን አልተማርኩም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

"ጤነኛ ነህ" አልኩት።

"ልጅስ?" ከሁሩታ ልጅ ታጭታለት ነበር። ኒካው የሚታሰረው ከአጨዳ በኋላ ነው።

"ለልጅ አንዱም ይበቃል።"

ጎማውን ከውሃው አውጥቶ ጠረገው። "ጎማ ቢሆን፣ እንዲህ ያበጠውን ለባለቤቱ 'እንዳትነዳው' ነበር የምለው" አለ።

"ሰው ጎማ አይደለም እኮ!"

ሳቀ። ትከሻው ወረድ ሲል አየሁት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ገብሱ ታጨደ። ወገቡን ያመው ጀመር። ጎንበስ ብሎ ስለሚሠራ ነው አልን። እናቴ ቅቤ አሸችው። ቀጥሎ ሳል መጣ፤ የአሰላን ብርድ ወቀስን። ሱሪው ከወገቡ ሲወርድበት በገመድ ያስረው ነበር። ኒካው አንዴ ተራዘመ፣ ሁለተኛም ተራዘመ። ከመኪና ላይ የፈታውን ጎማ ማንሳት ሲያቅተው ነው ሆስፒታል የወሰድኩት።

ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። መጋረጃውን ስቦ መረመረው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜያለሁ።

"መቼ ነው የጀመረህ?"

"ከአጨዳ በፊት።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ነገርክ?"

የመጋረጃውን ጫፍ ያዝኩ።

"ለማንም" አለ ወንድሜ። "አፍሬ ነው።"

መጋረጃውን ገልጬ መግባት ነበረብኝ። ለእኔ ነግሮኛል ማለት ነበረብኝ። ጫፉን ለቅቄ እዚያው ቆምኩ።

ሐኪሙ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ነገረኝ። ካንሰር ነው፤ ከዘር ፍሬው ተነስቶ ሆዱና ሳንባው ደርሷል። "ወጣቶችን ነው የሚይዘው" አለ። "መጀመሪያ ላይ ቢመጣ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። አንዷን አውጥተን፣ ወልዶ ከብዶ ይኖር ነበር።" ይህን ሲል ክፉ አልነበረም። ደክሞት ነበር። አዲስ አበባ ላኩን። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ወሰደ። ሦስተኛው ላይ አልደረሰም።

ከቀበርነው በኋላ እናቴ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አንድ ነገር ትላለች፤ በኦሮምኛ ነው የምትለው። "ለዚህ ለወንድሙ እንኳ ቢነግረው ኖሮ። ይሄ የተማረው ነው። ቶሎ ይወስደው ነበር።" ሴቶቹ እኔን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዷ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ቻልኩት። አንድ ጠዋት እናቴ ለሰው የሚሰጠውን የወንድሜን ልብስ ታጥፋለች። ብቻችንን ነን።

"ነግሮኝ ነበር" አልኳት።

እጇ ቆመ። "መቼ?"

"ገብሱ ሳይታጨድ።"

"ምን አልከው?"

"ጤነኛ ነህ አልኩት።"

እንድትመታኝ ጠበቅኩ። እንድትጮህ ፈለግኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። እሷ ግን ፊቴን አየችው፣ አዲስ ሰው ቤት የገባ ይመስል።

"እሱስ ለምን አመነህ?" አለች። "አንተ ልጅ ነህ እኮ።"

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና ታጥፈው ጀመር።