ቆጥ ላይ ያደረው ደለል

ላቦራቶሪ ሲባል ሰው የሚታየው ነጭ ጋውን ነው። የኔ ሥራ ግን አብዛኛው ዕቃ ማጠብ ነበር። ዲላ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጭስና ጭቃ ሳጠና፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሼ እያጠብኩ ጓደኞቼን አሰልችቻለሁ። የጣት አሻራ እንኳ ቅባት አለው፤ ማሽኑ ደግሞ ቅባት ካየ ይቅር አይልም።

በአንድ በኩል የማድቤት አየር በትንሽ ፓምፕ እየሳብኩ፣ ማጣሪያ ወረቀት ላይ የቀረውን ጥላሸት እመረምራለሁ። በሌላ በኩል ይርጋጨፌ ውስጥ አሪቻ ከምትባል መንደር አጠገብ ካለ ወንዝ ደለል አወጣለሁ። ሁለቱም ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው የያዙትን ኦርጋኒክ ውህድ ይለቃሉ። ፈሳሹ ተንኖ ጠብታ ሲቀር ጠብታዋ ማሽን ውስጥ ትገባለች፤ ማሽኑም ውህዶቹን በየተራ እየለየ ስንት ስንት እንደሆኑ ያሳያል። ከናሙናዎቹ ጋር ንጹሕ አሸዋም በዚያው መንገድ ያልፋል። አሸዋው ቆሽሾ ከወጣ ጥፋቱ የላቦራቶሪው ነው ማለት ነው።

ያን ወንዝ የመረጥኩት ለሳይንስ ብቻ ብዬ አይደለም። የአጎቴ ቤት እዚያ ነው። ልጆቹ የሚታጠቡት፣ ከብቱ የሚጠጣው፣ ምንጩ ሲጎድል ለቤትም የሚቀዳው ከዚያ ነው። ቀደም ብዬ የማድቤታቸውን አየር በፓምፔ ስቤ ነበር፤ ደለሉን ያወጣሁ ዕለት ደግሞ ዝናብ መንገዱን ስላበላሸው እነሱ ጋ አደርኩ። በፎይል የጠቀለልኩትን ናሙና ለአጎቴ ሚስት ሰጥቼ «እትዬ፣ እንዳይበላሽብኝ አደራ» አልኳቸው። ጠዋት ስቀበላቸው ጥቅልሎቹ ቀለል አሉኝ፤ ውሃው የጠፈፈ መሰለኝ።

ውጤቱ ወጣ። ወንዙ ዳር ካለው የቡና ማጠቢያ በላይ የወሰድኩትም ከበታቹ የወሰድኩትም ደለል፣ ነገር ሲቃጠል በሚወጡ መርዛማ ውህዶች እኩል ተሞልቶ ነበር። አሸዋው ንጹሕ ስለሆነ በላቦራቶሪው ማሳበብ አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ። እንጨት ሲነድ የሚወጣ የስኳር ዓይነት አለ፤ ውሃ ያሟሟዋል። ወንዝ ውስጥ የኖረ ጭቃ ይህን ሁሉ ስኳር ከየት አመጣው? አማካሪዬን ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ድገሚው» አሉኝ። ውሃውን የሚጠጣው የእሳቸው ዘመድ ስላልሆነ ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የይርጋጨፌን አውቶቡስ ያዝኩ። ለአጎቴ ምን እንደምለው መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ሄድኩ። ወንዙን ተዉት ልበላቸው? ትተውት ከየት ሊቀዱ? ፈርቼ ነበር፤ ከኔ አፍ ባይሰሙት እመርጥ ነበር።

የአጎቴ ሚስት እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። እጃቸውን ጠራርገው ሳሙኝና ገና ሳልቀመጥ «ጭቃሽስ? ጠቀመሽ ወይ?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኩ፣ ዓይናቸውን እየሸሸሁ።

«እርጥብ ሆና ነው የሰጠሽኝ። እንዲሁ ብትቀር ትሸት ነበር። ፈታኋትና የእንሰት ቅጠል አንጥፌ፣ አንዷን ካንዷ ሳላቀላቅል፣ ቆጥ ላይ ከበቆሎው ዘር ጎን አሰጣሁልሽ። እሳቱንም አላጠፋሁም። ሲነጋ በዚያው በብር ወረቀትሽ መለስኳት።»

እዚያ ቤት የሚሳሱለት ነገር የሚቀመጠው ከምድጃው በላይ ነው። የበቆሎ ዘር ነቀዝ እንዳይበላው ጭስ እየጠጣ ይከርማል። የኔም ጭቃ አደራ ስለሆነ ከዘሩ እኩል ተከብሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ሲጠጣ አድሯል። ስኳሩ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

እትዬ ተቀየሙ። «ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንዙን ገና ማጣራት እንዳለብኝ፣ ጭቃው ውስጥ ያገኘሁት መርዝ ግን የምድጃው ጭስ እንደሚመስለኝ አስረዳኋቸው። ሰምተው ወደጠቆረው ጣሪያ ቀና ብለው «አንድ ሌሊት ያደረች ጭቃ እንዲህ ከሆነች እኔስ?» አሉ።

ሳቄ ቆመ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እትዬ የጭስ መውጫ ክፈትልኝ ብለው ዓመታት ለምነውታል፤ እሱ ደግሞ ዝናብ ይገባል እያለ ሲያቆየው ኖሯል። አሁን እሱም ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

ከወንዙ እንደገና ያወጣሁትን ደለል ክዳን ባለው ብርጭቆ ይዤ፣ እስከ ዲላ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ስኳሩ የለም፤ መርዙም ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ቀድሞ የደወልኩት ለአማካሪዬ ሳይሆን ለአጎቴ ነው።

«ወንዙ ደህና ነው!»

«ጌታ ይመስገን» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። እትዬ ስልኩን ነጠቁት።

«የጭቃዋን ደገምሽ አይደል? የኔንም ድገሚ። አጎትሽ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ከፍቶልኛል።»

ፓምፔን ይዤ ሄድኩ። ባለፈው ከዚያ ማድቤት እንደ ከሰል ጠቁሮ የወጣው ማጣሪያ ወረቀት አሁን ግራጫ ሆኖ ወጣ። እትዬ ሊያዩት እጃቸውን ሲዘረጉ «እንዳይነኩት!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸውን ሰበሰቡና ሳቁ። «እሺ፣ አልነካም። ቆጥ ላይም አልሰቅለውም።»